የባንታምላክ አርባ

ገዳሪፍ፣ ከዶካ ወዲህ ካለው ካምቦ
መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሄለን፤

ሰላምታዬ ከዚህ ጭቃ ወጥቶ ያንን ሁሉ በረዶ አቋርጦ ከእጅሽ ይግባ። ጤናሽ እንዴት ነው? እናትሽ ሙሉወርቅስ ጉልበቷ ተሻላት? እመቤቴ ማርያም ከዓይንና ከክፉ ነገር ትሰውራችሁ። እኔ ወገቤን ካልቆጠርሁት ደህና ነኝ።

የእናትሽ የአክስት ልጅ አየነው ዘንድሮም ሰሊጥ ላይ ነኝ። እዚህ ገዳሪፍ ሳለሽ ፊደል ሳስቆጥርሽ እንደነበርሁት አሁንም ወኪል እባላለሁ፤ ከጎንደርና ከመተማ ለአጨዳ የመጡ ሠላሳ ስድስት ሳሉጎች በእኔ ኃላፊነት ናቸው። ስልኩ ሁለት ቃል ሳንነጋገር ስለሚቆረጥ በወረቀት መጻፍ ይሻለኛል። ገዳሪፍ ሱቅ ያለው ጀማሉ ፎቶ አንስቶ ሸበካው፣ የስልኩ መስመር፣ በመጣ ሰዓት ይልክልኛል። ያንቺንም እሱ አትሞ ከዕቃ ጫኞች ጋር ይልክልኛል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የማሳው ባለቤት ሉጥፊ የሚባል ተቆጣጣሪ ልኮብናል። ወጣት ነው፣ ሽቶ ይቀባል፣ ጭቃ አይወድም። ከሳምንት በፊት አንድ ካርቶን ይዞ መጣና ሰዉን አሰልፎ በያንዳንዱ እጅ ላይ የላስቲክ ማሰሪያ በፒንሳ ቆለፈበት። የከብት ጆሮ ላይ የሚመቱትን ታውቂ የለ? ያ ነው። ቁጥር አለው። ካልቆረጡት አይወልቅም፤ የቆረጠ ደግሞ ይባረራል። ላቡ ከሥሩ ይጠራቀምና ሦስት ቀን ሳይሞላ ቆዳው ይነጣል፣ ይሸታል፣ ያዣል። የሰው እጅ እንደዚያ ሲሸት መሶብ ላይ አብሮ መቅረብ ይቀፋል።

ይኼ ማሰሪያ ሰዉ የት እንዳለ ይናገራል አለን። ገልብጬ አየሁት፤ ባትሪ የለውም፣ መብራት የለውም፣ ድምፅ የለውም። ባትሪ ከሌለው በምን ይናገራል? አንቺ በዚህ ነገር ተምረሻልና ንገሪኝ። ሳሉጎቹ እኔን ይጠይቁኛል።

የኛን ሥርዓት ታውቂዋለሽ። ፀሐይ ስትገባ ከምናድርበት የሣር ዳስ ከረኩባው ፊት ቆሜ እያንዳንዱን በስሙና ባባቱ ስም እጠራለሁ፤ «አለሁ» ይላል። ያላለ ካለ ሰው ይላካል። በዚህ ወሰን ላይ ሽፍታ አለ፣ እባብ አለ፣ ወባ አለ። ሉጥፊ ግን «ኹላስ፣ በቃ፣ ስም መጥራት ቀርቷል፣ ይኼ ይጠራላችኋል» አለኝ። ሆዴ አልወደደውም።

ወኪል አየነው

---

ኦሉ፣ ፊንላንድ
መስከረም 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አየነው፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ደብዳቤዎን ለእማዬ ጮክ ብዬ ሳነብላት ስለ ወገብዎ ስትሰማ አዘነች። ፈጣሪ እርስዎንም ልጆቹንም ከአጨዳው በሰላም ያውጣችሁ።

ያንን ማሰሪያ፣ እኛ አምባር የምንለውን፣ ላስረዳዎት። እዚያ ያለው የስልክ ማማ ለስልክ ብሎ ቀንና ሌሊት የማይታይ ማዕበል ይረጫል። አምባሩ የራሱ ድምፅ የለውም። ልጆች ሆነን በመስተዋት ስባሪ ፀሐይን ወደ ጎረቤት ግድግዳ እንመልስ አልነበር? እሱም ልክ እንደዚያ የማማውን ማዕበል ይመልሳል፤ ሲመልስ ደግሞ ከፈት ዘጋ እያደረገ ቁጥሩን ይናገራል። ካምቦው አጠገብ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ሳጥን አለ፤ ያንን ብልጭታ የሚያነበው እሱ ነው። የስልኩን መንገድ ይጋራል እንጂ አያውክም። ባትሪ ስለሌለው አያልቅበትም። ዓመት ቢቆይ፣ ጭቃ ቢቀበር፣ ማማው እስካለ ድረስ ሲጠሩት ይመልሳል።

አንድ ነገር ልንገርዎት፣ አይቆጡኝ። እሱን የሠራው እኔ ያለሁበት ቡድን ነው። መጀመሪያ የሠራነው እዚህ በረዶ ላይ ለሚሰማሩ አጋዘኖች ነበር፤ ቀጥሎ ለእህል ጆንያ ተሸጠ። ወደ ሱዳን መሸጡን ሰምቼ ነበር፤ እርስዎ እጅ መድረሱን ሳነብ ግን ከወንበሬ ተነሣሁ። የእኔ ሥራ እኔ ያደግሁበት አገር ደረሰ ማለት እኮ ነው።

ቆዳው ስለማሳከኩ ለክፍሉ አስታውቃለሁ። በቀረው ግን ሐሳብ አይግባዎት። ሰው ይደክመዋል፣ ይዘነጋል፤ ይህ አይዘነጋም። አይሳሳትም፣ ጋሼ። ከቻሉ አንዱ ልጅ አድርጎት ሳለ ፎቶ ያንሱልኝ። ለአለቃዬ ማሳየት እፈልጋለሁ።

ልጅዎ ሄለን

---

ካምቦ
ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሄለን፤

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ሰላምታሽን ለሚያውቁሽ አድርሻለሁ። ጤና ይስጥሽ።

የመስተዋቱ ነገር ገባኝ፣ በደንብ ጽፈሽዋል። የአጋዘኑን ነገር ግን ለማንም አልተናገርሁም። እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ለአውሬ ተሠርቶ፣ ለጆንያ ተሸጦ፣ ከዚያ ለናንተ ደረሰ ልበላቸው? ሳነበው ምራቄ መረረኝ፣ እውነቱን ነው የምነግርሽ። አንቺን መቆጣት አልፈልግም፤ እንጀራሽ ነው።

ፎቶውን ልኬአለሁ። እጁ የባንታምላክ ነው። የጭልጋዋ የውዴ ልጅ ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ከአምና ጀምሮ ከኔ ጋር ነው። ሁሉም እምቢ ሲል እሱ እየሳቀ መጣ፤ እጁን በአሸዋ ፈግፍጎ አጥቦ «ጋሼ፣ ማማው እኔን ብቻ ነው የሚያውቀኝ በልልኝ» አለ። ከማሰሪያው ሥር የተላጠው እንዳይታይ አዙሮ ያዘው። ፎቶው ላይ ጥሩ ይመስላል።

ስም መጥራቱን ትቼዋለሁ። በሉጥፊ ብቻ አላመካኝም፤ ደክሞኝም ነው። ቀኑን ሙሉ ስጮኽ እውላለሁ፣ ማታ ደግሞ ሠላሳ ስድስት ስም። አሁን ሉጥፊ ማሰሪያዎቹን የሚያሳየውን ታብሌት ያዞርልኛል፤ ሠላሳ ስድስት አረንጓዴ ነጥብ አያለሁ፣ ሄጄ እተኛለሁ። አንቺም አይሳሳትም ብለሻል።

አየነው

---

ኦሉ
ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አየነው፤

ጤና ይስጥልኝ። ለችኮላዬ ይቅርታ፣ በሥራ ተወጥሬ ነው። ፎቶው እንዴት ያምራል! አሳትመነው በስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የማን እጅ ነው ብለው ጠየቁኝ፤ «ባንታምላክ» አልኳቸው፤ ለመጥራት ሲታገሉ ተሳሳቅን። ከዚያ አጨበጨቡ።

ልጁን አመስግኑልኝ። ለሚመጣው ዓመት ከሥሩ ለስላሳ ጨርቅ እንዲኖረው ሐሳብ አቅርቤአለሁ።

ሄለን

---

ካምቦ
ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሄለን፤

እግዚአብሔር ያጽናሽ ማለት የሚገባው ለኔ ይሁን ላንቺ አላውቅም። ባንታምላክ ሞቷል።

ሰኞ ጥቅምት 17 እኔ ነኝ የላክሁት። ከካምቦው የሁለት ሰዓት መንገድ፣ ከክረምት ወንዙ ከኾሩ ዳር፣ ታጭዶ የተቆለለ የሰሊጥ ሂላ አለን፤ ከብት እንዳይገባበት አንድ ሰው ሳምንት ይጠብቀዋል። ውኃ በጀርካን፣ የሱዳኖቹን እንጀራ ኪስራና ሽንኩርት ይዞ ሄደ። ድሮ ቢሆን በየማታው አንድ ሰው ልኬ አስጠራው ነበር። አልላክሁም። ማክሰኞ ማታ አየሁ፣ አረንጓዴ ነው። ረቡዕ አረንጓዴ ነው። ሐሙስም ዓርብም። ዓርብ ዕለት እንዲያውም ሉጥፊ «ያንተ ባንታምላክ ከሁሉም ጎበዝ ነው፣ ከቦታው ንቅንቅ አይልም» አለኝ። እኔም ሳቅሁ።

ቅዳሜ የማማው ጀነሬተር ናፍጣ አለቀበት። ሸበካው ሲጠፋ ሠላሳ ስድስቱም ነጥቦች ባንድ ጊዜ ጠፉ። ሉጥፊ ሰዉ ጠፋ ብሎ ጮኸ፤ ሰዉ ፊቱ ቆሞ ሰሊጥ ያጭዳል። ቍጠር አለኝ። ስም ጠራሁ። ባንታምላክ ስል ኾሩ ዳር ጥበቃ ነው አሉ። ሉጥፊ ካላየሁ አላምንም አለ። ስለዚህ ሄድን። ማማው ባይጠፋ ኖሮ አንሄድም ነበር፣ ሄለን። ሳምንቱ እስኪሞላ አረንጓዴውን እያየን እንቀመጥ ነበር።

እባብ ነው የነደፈው፣ እግሩ ላይ። ያየሁትን አልጽፍልሽም። ሂላው ሥር ጥላ ፈልጎ ገብቶ ነበር። ሽታው ልብሴ ላይ ቀርቷል፤ ሁለቴ አጠብሁት፣ አልለቀቀም።

ሉጥፊ አፍንጫውን በሻሹ ይዞ መጀመሪያ የተናገረው ምን መሰለሽ? «ማሰሪያውን ቁረጡልኝ፣ ያገለግላል»። ከነቆዳው ነበር የወጣው። በውኃ አለቅልቆ ካርቶኑ ውስጥ ጣለው። ማታ ማማው ሲነሣ ታብሌቱን አየሁ። የባንታምላክ ነጥብ ከካርቶኑ ውስጥ ሆኖ አረንጓዴ አበራ። ወጥቼ አስታወክሁ።

ወደ አገሩ የሚወሰድ አልነበረም። እዚያው ዶካ አጠገብ፣ ድቁና ነበረኝና የማውቀውን ያህል ጸልዬ ቀበርነው። እናቱን ውዴን በስልክ ነገርኋት። ብዙ አልጮኸችም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ «አርባውን ከየትኛው ቀን ልቍጠር?» አለች። ልጇን አላጠበችው፣ አልገነዘችው፣ የቀራት ቀኑ ነው። እኔ የማውቀው ሰኞ በሕይወት መሄዱን፣ ቅዳሜ ማግኘታችንን ብቻ ነው። መካከሉን የሚያውቅ ሰው የለም።

ያ ሳጥን ግን ያውቃል። ጠርቶት ሲመልስለት ነበር። እሱ የሚያነበው እናንተ ዘንድ እንደሚደርስ ሉጥፊ ነግሮኛል። የምለምንሽ ይህን ብቻ ነው። ልጁ የሞተበትን ቀን ንገሪኝ።

አየነው

---

ኦሉ
ኅዳር 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ አየነው፤

ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ለእናቱ መጽናናቱን ይስጣት። እማዬ ስታለቅስ ሰንብታለች። መልሴ የዘገየው ጉዳዩን ለሚመለከታቸው ሳቀርብ ስለነበር ነው።

የተነገረኝን ልንገርዎት። መዝገቡ የገዢው፣ ማለትም የማሳው ባለቤት ንብረት ነው። ያለ እሱ የጽሑፍ ፈቃድ ለሌላ ወገን ሊሰጥ አይችልም። አምባሩም ዕቃ የሚገኝበትን ቦታ ለማወቅ እንጂ የሰውን ጤና ለመከታተል ታስቦ የተሠራ አይደለም። ቁጥሩን ሲጠሩት ይመልሳል፤ ያሰረውን ሰው ግን አያውቅም። ይህ በመመሪያው ገጽ ላይ ተጽፏል።

ባለቤቱ ፈቃድ ይሰጥ እንደሆነ ቢጠይቁልኝ መልካም ነው። ፎቶውን ከግድግዳው ላይ አንስተነዋል።

ሄለን

---

ካምቦ
ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሄለን፤

ይህን ደብዳቤ የጻፍሽው አንቺ ነሽ ወይስ ጠበቃ? ሁለቴ አነበብሁት። ጀማሉ ጽሑፉን አይቶ «ይኼ ከዘመድ ነው ወይስ ከመሥሪያ ቤት?» ብሎ ጠየቀኝ። አፈርሁ፣ ከመሥሪያ ቤት ነው አልሁት።

ፈቃድ ትይኛለሽ። ሲቆልፉብን ፈቃድ የጠየቀን ማን ነው? ዕቃ ትያለሽ። ዕቃ የሆነው መቼ ነው፣ እጁን በአሸዋ ፈግፍጎ ሲስቅልሽ ወይስ ከሸተተ በኋላ? ግድግዳችሁ ላይ ስትሰቅሉት ሰው ነበር፣ ስም ነበረው፣ አጨበጨባችሁለት። አሁን ገጽ ትጠቅሽልኛለሽ። ያስጠላል። እዚህ ካምቦ ውስጥ ብዙ የሚያስጠላ ነገር አይቼአለሁ፤ ትል የወጣበት ዱቄት በልቼአለሁ፣ ከረጋ ኩሬ ጠጥቻለሁ። ያንቺን ደብዳቤ ያህል ግን አልከበደኝም።

ራሴን ጭምር ነው የምጸየፈው፣ አንቺን ብቻ አይደለም። አይሳሳትም ያልሽ አንቺ፣ ያመንሁ እኔ።

የማሳውን ባለቤት ጠይቄአለሁ። በሉጥፊ በኩል «ሞኝ ነህ ወይ፣ ለክስ ማስረጃ ልስጥህ?» አለኝ። ስለዚህ ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ሰኞ ሞቶ ከሆነ አርባው ኅዳር 26 ነው። ውዴ ጌሾ ወቅጣ፣ ጎረቤት ጠርታ፣ ቄሱ ቀን ንገሩኝ እያሏት ተቀምጣለች። ካልነገርሽኝ ሌላ አትጻፊልኝ።

አየነው

---

ኦሉ
ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሼ፤

ከፍቼ አየሁት። ፈቃድ አልጠየቅኩም። ነገ ለአለቃዬ ራሴ እነግረዋለሁ፤ የሚሆነው ይሁን።

እንዴት እንዳወቅኩ መጀመሪያ ልንገርዎት። እጅ ሲንቀሳቀስ የሚመለሰው ብልጭታ ይንቀጠቀጣል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ዕቃ አይንቀጠቀጥም። ሳጥኑ ያንን ሁሉ ይመዘግባል።

ማክሰኞ ጥቅምት 18 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በጣም ተንቀሳቅሷል። ወደ ካምቦው አቅጣጫ ትንሽ መጥቷል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል። ከዚያ ተመልሷል። ከዚያ ወዲያ ቦታ አልቀየረም። እጁ ግን ይንቀሳቀስ ነበር። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ። ማክሰኞ ሌሊት። ረቡዕ እያረፈ እያረፈ። ሐሙስ ጠዋት ጥቂት ጊዜ። ሐሙስ ጥቅምት 20፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ እስክትቆርጡት ድረስ ምንም የለም።

አርባው ኅዳር 29 ነው።

ታብሌቱ ይህን ለምን እንዳላሳየ መጠየቅዎ አይቀርም። አምና ስብሰባ ተቀመጥን። ንቅናቄውንም እናሳይ ወይስ አለና የለም ብቻ ይበቃል ተባለ። ንቅናቄውን ማሳየት ሥራ ያበዛል፣ ጆንያ ደግሞ አይንቀሳቀስም ተባለ። እጅ አውጡ ተባለ። እጄን አወጣሁ፤ አለና የለም ይበቃል ብዬ። ገዢዎች ለሰው ሊያስሩት እንደጠየቁ በዚያን ጊዜ አውቅ ነበር። ለእርስዎ ስጽፍ ይህን ዘለልኩት።

ጋሼ፣ ለእናቱ ማክሰኞ ነው ቢሏትስ? ነደፈው፣ ወዲያው አረፈ ቢሏት። ሁለት ቀን ቆይቶ ነበር ማለት ምን ይጠቅማታል? የሚያውቀው እኔና እርስዎ ብቻ ነን። እንደ ወደዱ ያድርጉ።

ሄለን

---

ገንዳ ውሃ
ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሄለን፤

ካምቦውን ለቅቄአለሁ። ይህን የምጽፍልሽ ከመኪና መናኸሪያው አጠገብ ሆኜ ነው። የጠየቅሁሽን ስለነገርሽኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከምሬ ነው።

ማክሰኞ በል ያልሽኝን አስቤበት ነበር። ከመተማ እስከ ጭልጋ መኪና ላይ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ደግ ነገር ይመስላል። ግን እያደር ሳየው ይቀፈኝ ጀመር። ማክሰኞ ብል ማን ነው የሚያርፈው? ውዴ ናት? እኔ ነኝ የማርፈው፣ አንቺ ነሽ፣ ሉጥፊ ነው። ነደፈው፣ ወዲያው ሞተ፣ ማንም ምንም አያደርግለትም ነበር እንባላለን። ልጁ ሁለት ቀን ሙሉ እጁን እያነሣ ኖሮ እኛን ነጻ አውጥቶ ሊቀበር ነው። ደግሞም ነፍሱ የምትታሰብበትን ቀን ዋሽቼ ማስቆጠር አልችልም። ከመንገድ ደውዬ ሐሙስ ነው አልኋት። በኅዳር 29 ተዘከረ።

ብዙ ሰው ነበር። ጾም ስለሆነ ሽሮና ምስር ነው፣ ጠላውም ጥሩ ነበር። ቄሶቹ ሲጨርሱ እንግዳ ነው ብለው ከሽማግሌዎቹ ጎን አስቀመጡኝ። ውዴ ራሷ ትሪ ይዛ መጥታ ፊቴ አስቀመጠች። አጭር ሴት ናት፣ ልጇ አፏን ነው የወሰደ። አልተመለሰችም፣ እዚያው ተቀመጠችና «እባቡ የነደፈው መቼ ነው?» አለችኝ።

«ማክሰኞ ጠዋት ነው» አልኋት።

በጣቷ ቆጠረች። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ።

«ማን ነበር አጠገቡ?»

«ማንም።»

«መኖሩን የሚያይ አልነበረም?»

«ነበር። በየማታው አየው ነበር። በመስተዋት ላይ ነጥብ አለ፣ አረንጓዴ ነው፣ አለ ማለት ነው።»

ያልሁት ገብቷት ይሁን ሳይገባት አላውቅም። «ታዲያ አለ ካለህ፣ አንተ የት ነበርህ?» አለች።

ጎኔ የተቀመጠው ሽማግሌ ልብሴን ጎተተኝ፣ ዝም በል ማለቱ ነው። እኔ ግን መልሱን ይዤ ነበር የሄድሁት። «ካምቦ ነበርሁ፣ እታለም። እራቴን በልቼ ተኝቼ ነበር» አልኋት።

ተነሣች። ገና እጄን ያልሰደድሁበትን ትሪ ከፊቴ አንሥታ ወደ ጓዳ ይዛው ገባች። አልጮኸችም፣ አልረገመችኝም። ስነሣ ከሽማግሌዎቹ ተቀመጥ ያለኝ የለም። ጫማዬን ከበሩ ፈልጌ ወጣሁ።

ሰላም ሁኚ።

አየነው